ሁለት ጣት ዝቅ ያለው ትከሻ

ቀጮ፣

ልብሴን ይዤ ወጥቻለሁ። ቁልፉ ጎረቤት ጋ ነው። ካውያውን ነቅለሽ ውጪ፤ ገመዱ ሲግል መሽተት ጀምሯል።

የደንበኛሽን የሙሽራ ቀሚስ ቁም ሳጥኑ በር ላይ ተሰቅሎ አየሁት። የኔ ዲዛይን እኮ ነው! ፍራሽ ስር ያስቀመጥኩትን የወረቀት ፓተርን፣ የቀሚሱን መቁረጫ ልክ፣ አውጥተሽ ጨርቅ ቆረጥሽበት። ትናንት ለሙሽራዋ በስልክ «አዎ፣ ዲዛይኑን ራሴ ነኝ ያወጣሁት፣ ስንት ቀን አስቤበት!» ስትያት ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እየሰማሁሽ ነበር። ያለን አንድ ክፍል፤ የት እንድሄድልሽ ነበር?

ሦስት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን እንኳ ልብ ብለሽ አይተሽኝ ቢሆን ኖሮ አትሳሳችም ነበር። ያንን ፓተርን ያወጣሁት በራሴ ልክ ነው፤ ለራሴ ሰርግ። ቀኝ ትከሻዬ ከግራው ሁለት ጣት ዝቅ ይላል፤ የስፌት ቤቱን ካውያ ስምንት ዓመት ሳነሳ የወረደ ነው። አንቺ እቴ! «መስመሩ ለምን ተጣመመ?» እንኳ ሳትዪ እንዳለ ገለበጥሽው። ነገ ጠዋት ሙሽራዋ ብትለብሰው ቀኙ ሽቅብ ተሰብስቦ፣ ጫፉ ተንጋዶ በሰው ሁሉ ፊት መሳቂያ ትሆን ነበር።

እንዳለ ልተወው ነበር። እውነቴን ነው።

ግን እሷ ምን አደረገችኝ? ስፌቱን ፈትቼ ቀኝ ትከሻውን ሁለት ጣት ለቅቄዋለሁ። ዳግመኛ እንዳትነኪው።

መቀስሽን ሳላስፈቅድ ነክቻለሁ። ለሱ ይቅርታ።

ነገ ልክክ ይልላታል። ደስ ብሏት «እጅሽ ይባረክ» ስትልሽ ግን አሜን እንዳትዪ።