ግፊት የምትለካዋና ካልሲ የምታወልቀዋ

ሲካሞር ፎርክ፣ ኬንታኪ
ኖቬምበር 9 ቀን 2018

ለልጄ ለድዋይት፣

የአላስካ ብርድ አጥንትህ ድረስ ሳይዘልቅ ይህ ደብዳቤ እንደሚደርስህ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ብዕር መጨበጥ እችላለሁ ማለቴ ነው። የቀረውን ከታች ታገኘዋለህ፣ ረጋ ብለህ አንብብ።

በስልክ መልእክትህ ላይ «አባዬ፣ ከእህቶቼ አንዷ ነርስ አይደለችም እንዴ? እሷ ታስታምምህ» ብለሃል። ይህን ያልከው ከሩቅ ሆነህ መሆኑ በጀህ። እዚህ ቤት ውስጥ ብትለው ኖሮ ሁለቱ ተባብረው ጆሮህን ይቆርጡልህ ነበር። ሁለቱም ነርስ አይደሉም። ሮንዳ የሕክምና ረዳት ናት። ዳርላ የነርስ ረዳት ናት፤ ያውም ተፈትና ምስክር ወረቀት የያዘች። «ታዲያ ምን ለያቸው?» ትል ይሆናል። እኔም እንዲሁ ብዬ ነው ጦርነት ያስነሳሁት።

ዳሌዬ የተሰበረው በጁላይ እንደሆነ ሳትሰማ አትቀርም። ያ ራኩን የሚሉት ሌባ አውሬ በረንዳዬ ላይ ወጥቶ የድመቷን ምግብ እንደ ባለቤት ተቀምጦ ሲበላ አገኘሁትና መጥረጊያ ይዤ አባረርኩት። እሱ ደረጃውን በደንብ ወረደ፤ እኔ ሳትኩት። ሆስፒታል ብረት አስገብተውልኝ ወደ ቤት ስመለስ ልጆቹ ተራ ገቡልኝ። ዳርላ በምትሠራበት የሽማግሌዎች መጦሪያ ቤት ውስጥ የሌሊት ተረኛ ስለሆነች ጠዋት ጠዋት እሷ ትመጣለች፤ ምሽቱንና ቅዳሜ እሑድን ሮንዳ።

በምርኩዝ መሄድ እንደጀመርኩ ይዘውኝ ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ፓስተሩ «በመካከላችን ያላችሁ ነርሶች እስኪ ተነሱ፣ እንጸልይላችሁ» አለ። ልጆቼ አቀርቅረው ቀሩ። እኔ አባት አይደለሁ፣ ኩራቴ አላስቀምጥ አለኝና «ምን ያሽኮረምማችኋል? ተነሱ እንጂ! የኔዎቹ ሁለቱም ነርሶች ናቸው!» ብዬ ጮህኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። እውነተኛዋ ነርስ፣ የኮምብስ ምራት፣ ከፊት ወንበር ላይ ቆማ ፈገግ አለች። ሮንዳ ቲማቲም መሰለች።

መኪና ውስጥ ስንገባ ሮንዳ «አባዬ፣ ነርስ አይደለንም። ሰው ያልሆነውን ነኝ ካለ በሕግ ያስጠይቃል» አለች።

«እሺ፣ ረዳቶች ናችሁ። ያው አይደል?»

«እንዴት ያው ይሆናል!» አሉ በአንድ አፍ። ለመጨረሻ ጊዜ የተስማሙት ያኔ ነው።

ሮንዳ «እኔ ከዶክተር ጋር ነው የምሠራው» አለች።

«ከስልክ ጋር ነው የምትሠሪው» አለች ዳርላ። «‹እባክዎ ትንሽ ይጠብቁ› እያልሽ ነው የምትውዪው።»

«ደምስ ማን ነው የሚቀዳው? መርፌስ ማን ነው የሚወጋው? አንቺ የሽንት ጨርቅ ሚኒስትር!»

«የኔ ሰዎች ስሜን ጠርተው ያመሰግኑኛል። ያንቺዎቹ መርፌሽን ሲያዩ ነው የሚሸሹት!»

ከዚያ ቀን ወዲያ መነጋገር ተዉ። ኩሽና ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ቆመው አንዷ «አባዬ፣ ለልጅህ ጨው አቀብይኝ በላት» ትላለች። ሌላዋ «አባዬ፣ ጨው አይፈቀድልህም በላት» ትላለች። ያን የመሰለ የበቆሎ ዳቦና ባቄላ ያለ ጨው በላሁ። በስተርጅና ፖስታ ቤት ሆኜ አረፍኩት።

የሚሠሩትን ሥራ ያወቅኩት ስድቡን በማድረስ ነው። ሮንዳ ክሊኒክ የገባውን ሰው ትመዝናለች፣ ግፊቱን ትለካለች፣ ዶክተሩ ሲያዛት ትወጋለች። ከዚያ ጠረጴዛዋ ጋ ተመልሳ ቀጠሮ ትይዛለች፣ ከኢንሹራንስ ሰዎች ጋር ትጨቃጨቃለች፤ ሰውየው ኮፍያውን አንስቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። የዳርላ ሰዎች ግን የትም አይሄዱም። ታጥባቸዋለች፣ ታለብሳቸዋለች፣ ታበላቸዋለች፣ ጎናቸው እንዳይቆስል ታገላብጣቸዋለች። አንድ ነገር ካየች ለነርሷ ትናገራለች እንጂ መርፌ አትነካም። እኔ እንኳ ይህን ስረዳ አንተ የማይገባህ ምክንያት የለም።

አንድ ቅዳሜ ሮንዳ «ገላህን ላጥብህ» አለች። በክሊኒክ ገላ የሚታጠብ የለም፣ ልጅት ልምድ የላትም። እኔም ልጄ ናትና አፈርኩ። «ዓይንሽን ጨፍኚ» አልኳት። ጨፈነች። ሳሙናውን ጆሮዬ ውስጥ ከተተችው። የባሰው ደግሞ ከገንዳው መውጫ ጠፋ። ብትስበኝ እንሸራተታለሁ፣ ብትገፋኝ እሰምጣለሁ። ግራ ሲገባት ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ግፊት መለኪያዋን አምጥታ እዚያው ገንዳ ውስጥ ለካችኝ!

«መቶ ሰባ ገብቷል፣ አባዬ!»

«አንቺም ራቁትሽን ውሃ ውስጥ ብትያዢ ይገባ ነበር» አልኳት።

ለዳርላ ከገንዳው ውስጥ እኔው ደወልኩ፣ እነሱ አይነጋገሩማ። ከእንቅልፏ ተነስታ በሌሊት ልብሷና በነጠላ ጫማ መጣች። የገንዳውን ውሃ አፈሰሰች፣ ፎጣ አለበሰችኝ፣ ወገቤ ላይ ወፍራም ቀበቶ አሰረች። «አባዬ፣ አፍንጫህን ወደ ጉልበትህ አምጣው። እኔ ስቆጥር አብረን እንነሳለን» አለች። ተነሳን። እኔስ እንደዚያ ቀላል መሆኔን አላውቅም ነበር። ሮንዳ በር ላይ ቆማ ፎጣ ታጥፋለች። ዳርላ መዝሙር እያንጎራጎረች ሄደች። ከስድብ ሁሉ የከፋው ያ መዝሙር ነው።

ደግሞ ዳርላ ብቻ ያሸነፈች አይምሰልህ። የሕመም ማስታገሻዬን ኢንሹራንሱ አልከፍልም ሲል ዳርላ ደውላ ጮኸችባቸው፤ እነሱም ስልኩን ዘጉባት። ሮንዳ በዚያች በማር በተቀባ ድምፅዋ ደወለች፤ መድኃኒቱ ለምሳ ደረሰ። ያን ቀን ያንጎራጎረችው ሮንዳ ናት።

አሁን የምነግርህ ባለፈው ወር የሆነውን ነው። ዳርላ ጠዋት ካልሲዬን ስታወልቅ እጇ ግራ ባቴ ላይ ቆመ። ቀኙን ነካች፣ ተመልሳ ግራውን ነካች።

«ካልሲው ጠቦኝ ነው» አልኳት።

«ካልሲ አያግልም፣ አባዬ። አብጧል። ትናንት እንዲህ አልነበረም።»

ስልኩን አነሳችና ክሊኒኩ ጋ ደወለች። ድምፁን ከፍ አድርጋ አጠገቤ አኖረችው። ያነሳችው ማን ትመስልሃለች?

«ጤና ይስጥልኝ፣ ክሊኒክ ነው። ማን ልበል?»

ዳርላ ጉሮሮዋን ጠራረገች። «የአቶ ሃርላን ስቲድሃም አስታማሚ ነኝ።»

ሮንዳ እንደማታውቃት ሆና፦ «ለታካሚው ምናቸው ነዎት?»

«ልጃቸው ነኛ!»

«የታካሚው የትውልድ ቀን?»

«አባትሽ አይደለም እንዴ? ኬኩን አንቺ አይደለሽ የምትጋግሪው!»

«ሁሉንም መጠየቅ ግዴታዬ ነው፣ እመቤት።»

እህት እህቷን «እርስዎ» ስትል ሰምተህ ታውቃለህ? በሽተኛ ባልሆን ከወንበሬ በሳቅ እወድቅ ነበር። ዳርላ ጥርሷን ነክሳ የትውልድ ቀኔን ነገረቻት። ከዚያ «ግራ ባቱ አብጧል፣ ቀልቷል፣ ይግላል። ቀኙ ደህና ነው» አለች።

ወዲያ ማዶ የብዕር ድምፅ ቆመ።

«ትንፋሹስ?» አለች ሮንዳ። «እርስዎ» ማለቱ የት እንደገባ እንጃ።

«ከአልጋው እስከ ወንበሩ ሲመጣ አለከለከ። እኔ እርጅና ነው ብዬ...»

«ዳርሊ» አለች ሮንዳ። እንደዚያ የምትጠራት ልጅ ሳሉ ነበር፤ ታስታውስ የለ? «ዳርሊዬ፣ እግሩን እንዳታሺው። እንዳታስነሺውም። ዶክተሩን አስጠርቼ መጣሁ። ስልኩን አትዝጊው፣ እሺ?»

«አልዘጋውም» አለች ዳርላ። በአንድ እጇ ስልኩን፣ በሌላው የኔን እጅ ይዛ ቀረች። የሳቄ ነገር እዚያ ላይ አበቃ።

ሮንዳ ዶክተሩን ከሌላ በሽተኛ ፊት ጎትታ እንዳወጣችው ኋላ ሰማሁ። «በአስቸኳይ ሆስፒታል» አለ። ሮንዳ አምቡላንስ ጠራች፣ ለሆስፒታሉም እየመጣሁ እንደሆነ አስቀድማ ተናገረች። ደም እግሬ ውስጥ ረግቶ፣ ከዚያ ቁራጩ ወደ ሳንባዬ ሄዶ ኖሯል። ሐኪሙ «እስከ ማታ ብትቆይ ኖሮ» ብሎ ጀመረና ልጆቹን ሲያይ ዋጠው። እኔም አልጠየቅኩትም።

አልጋዬ ጋ የመጣችው ነርስ ግንባሯ የማይፈታ ትልቅ ሴት ናት። ሮንዳ «ግፊቱን በቀኝ ክንዱ ነው የሚለካው» አለቻት። ዳርላ «ትራሱን ከጉልበቱ ሥር አውጪለት» አለቻት። ሴትዮዋ ሁለቱን አፈራርቃ አየቻቸውና «ውጡ» አለች። «ሁለታችሁም፤ አሁኑኑ!» በበሩ መስታወት ሳይ ኮሪደር ላይ ተቀምጠው ከአንድ ከረጢት ድንች ጥብስ ይበላሉ፤ ዳርላ ራሷን ሮንዳ ትከሻ ላይ ጥላለች። እናትህ ኦፓል ብታያቸው ብዬ ተመኘሁ።

አሁን ደም የሚያቀጥን ኪኒን እውጣለሁ። ሮንዳ የደሜን ነገር ትከታተላለች፣ ዳርላ እግሬን። ይነጋገራሉ፤ እንዲያውም አበዙት። አሁን ተባብረው ነው የአሳማ ጥብስ የሚከለክሉኝ።

ልጆቹ አምቡላንስ ውስጥ ስምህን ደጋግሜ እንደጠራሁ ይነግሩኛል። አትስማቸው። ያ ኦክስጅን የሚሉት ነገር ሰውን ያስቀባጥራል።

ከእናትህ ቀብር ወዲህ መንገዱ እንዳልተመቸህ አውቃለሁ። ዓሣ ወቅት አለው፣ የምትሠራበት የዓሣ ፋብሪካም ዝም ብሎ አይለቅህም። ና አልልህም። ሐኪሙ ክረምቱን ብቻዬን እንዳላሳልፍ ብሏል፤ ልጆቹም እኔ ጋ እኔ ጋ እያሉ ይሻማሉ፣ እኔ ግን ከቤቴ አልነቃነቅም ብያለሁ። አንድ የሚያሳስበኝ ነገር ከላይኛው ፎቅ ካንተ ክፍል በላይ ጣሪያው ማፍሰስ መጀመሩ ነው። እኔ መሰላል መውጣት አልችልም። ሮንዳ ከፍታ ትፈራለች። ዳርላ ሽማግሌ ስታነሳ ወገቧ ተጎድቷል። ለማን እንደማዋየው ግራ ገብቶኝ እንዲያው ነገርኩህ።

እጅህን ከቢላዋ፣ ደረትህን ከብርድ የሰወረ አምላክ በሄድክበት ሁሉ ይቅደምህ።

አባትህ፣
ሃርላን ስቲድሃም

ደግሞም፦ ከድልድዩ ወዲህ ያለውን መንገድ አስፋልት አድርገውታል። ሌክሲንግተን በአውሮፕላን የወረደ ሰው በጊዜ ከተነሳ ለእራት ይደርሳል።