እማዬን በባጃጅ

ሐዋሳ፣ ታኅሣሥ 2001 ዓ.ም.

ለምወድሽ እህቴ ለእታለም ሮማን፦ ጅማ ላይ አንቺም ልጆችሽም ደህና ናችሁ ወይ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ አለን።

ባጃጇ ሥራ ይዛለች፤ ከመናኸሪያ ፒያሳ እመላለሳለሁ። ከገዛኋት ወዲህ እማዬን ቤተ ክርስቲያንም ገበያም የማደርሳት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ላይ "ልጄ፣ ሐኪሙ ስኳር እንዳይጀምርሽ በእግርሽ ሂጂ ብሎኛል እኮ" ብላኝ ነበር። እኔ ግን "ባጃጅ ያለው ልጅ ወልደሽ በእግርሽ ስትሄጂ ሰው ምን ይለኛል?" ብዬ አሳፈርኳት። ማታም ኬክ ይዤላት እገባ ነበር፤ ደስ ሲላት ማየት እወዳለሁ።

አሁን ኬኩን ትቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር አብረን እንሂድ ስላት ግን "ጫማው እግሬን ልጦኛል፣ ይዳንልኝ" ትላለች። ጫማውን የገዛሁላት ለመስቀል ነበር። ቁስሉን ሳጥብላት "አያምሽም?" አልኳት። "ምንም አይሰማኝም" አለችኝና ውኃ እንዳቀብላት ጠየቀችኝ። ሰሞኑን ውኃ ከአጠገቧ አይጠፋም።

ሐኪም ቤት ልውሰድሽ ብላት "ለዚህች ጭረት?" ብላ ሳቀችብኝ። አንቺን ትሰማሻለችና ለፋሲካ ያልሽውን መምጣት ለገና አድርጊልኝ።

እማዬ ጉንጭሽን ስማለች። ልጆቹን ሳሚልን።

ታናሽ ወንድምሽ ዮፍታሄ