ከግድግዳው ጋር አብሮ ስለተነሣው የእናቴ ፀጉር

ለተከበሩ የጉዞ መታወቂያ ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ በተለይም የራስ ፀጉርዎ በያለበት ደኅና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ደብዳቤዬን በጋዜጣ ማውጣቴ እንደ ድፍረት እንዳይቆጠርብኝ እለምናለሁ፤ በእጅዎ ላደርሰው ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስቱንም ጊዜ ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን በታላቅ ትሕትና ስለነገረችኝ፣ ምናልባት በስብሰባው መሐል ጋዜጣ የሚያገላብጡበት ደቂቃ ብትገኝ ብዬ ነው።

ጉዳዩ ትንሽ ነው። እናቴ ሰባ ሦስት ዓመቷ ነው። ፀጉሯ እንዳለ ነጭ ነው፤ ወይም ነበር። ከኬላው ማዶ የምትኖር አንዲት ታናሽ እህት አለቻት። አክስቴ ለልብ ቀዶ ሕክምና ቀን ሲቆረጥላት ስልክ ደውላ «አንቺ አጠገቤ ካልቆምሽ አልተኛላቸውም» አለቻት። ኬላውን ለማለፍ አዲሱ መታወቂያ ያስፈልጋል። መታወቂያው ፎቶ ያስፈልገዋል። ፎቶው ደግሞ፣ እርስዎ በፈረሙት መመሪያ መሠረት፣ ከሰውየው በስተኋላ ምንም ነገር የሌለበት መሆን አለበት። በዚህ ዓለም ላይ ከኋላው ምንም ነገር የሌለበት ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ መመሪያ ግን መመሪያ ነው።

ስለዚህ ቅሬታዬን (ቅሬታ የሚለው ቃል ከበደኝ) ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የፎቶ ክፍልዎን ስላየሁ አመሰግናለሁ። ግድግዳው ላይ በምስማር የተወጠረ ነጭ አንሶላ፣ በአንድ ጎኑ የቆመ መብራት፣ የተቀመጠበትን ሰው በቀስታ ወደ ግራ የሚያዞር በርጩማ። እናቴ መነጽርሽን አውልቂ ተባለች፣ አወለቀች፤ ክንብንብሽን አውርጂ ተባለች፣ አወረደች። ባለሙያዎ «እማማ፣ ቀና ይበሉ፤ ፈገግታ አይፈቀድም» ሲላት «ኧረ ልጄ፣ እዚህ ቤት ማን ፈገግ ሊል አስቦ ያውቃል» አለችው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ተጫነ። «ዳራ አንሣ» ይላል ጽሑፉ። ከእናቴ በስተኋላ የነበረው ሁሉ ረገፈና በምትኩ እንደ ወለል ንጣፍ ያሉ ግራጫና ነጭ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች መጡ፤ እነሱም ወዲያው ነጡ። «ድሮ ዳር ዳሩን በእጃችን እየተከተልን ነበር የምንቆርጠው፤ አሁን ፕሮግራሙ ራሱ ሰውን ከግድግዳ ይለያል» አለኝ፣ ልጁ መሄድ እንደጀመረለት አባት ደስ ብሎት። እኔም ተደንቄ አመሰገንኩት። ያን ምስጋናዬን አልመልስም፤ ይያዝልኝ።

፪. ይህኛው ስለ ራሴ ጥፋት ነው፤ ለመዝገብዎ ሙሉነት ይረዳል ብዬ ነው። ባለሙያው «አይታችሁ አጽድቁ» ብሎ ስክሪኑን ወደኛ አዞረው። እናቴ መነጽሯ ቦርሳዋ ውስጥ ስለነበር የምታየው እኔ ነበርኩ። ያለፈው መታወቂያዋ ላይ መሥሪያ ቤትዎ አያቴን ሌላ ሰው አድርጎብን ስለነበር ስሟን ፊደል በፊደል አነበብኩ። የአባቷን፣ የአያቷን። የልደት ቀኗን በጣቴ ቆጠርኩ። አንድም ስሕተት የለም። ፈረምኩ። ራሷን አላየሁም። ስም እንጂ ራስ ተሳስቶ ሊጻፍ ይችላል ብሎ የሚያስብ ማን ነው?

ይህን ነገር ሳወጣና ሳወርድ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። አውቶቡስ ተሳፍሬ ከፊቴ የተቀመጡትን ሰዎች አናት እየቆጠርኩ እሄዳለሁ። ምናልባት ዓይኔ የለመደውን ፀጉር በራሱ ጊዜ መልሶ ለጥፎበት ይሆናል እላለሁ። ወይም ደግሞ፣ ይህኛው ነው የማይለቀኝ፣ አርባ ዓመት አብሬያት ስኖር እኔም ከፕሮግራሙ ቀድሜ እናቴን ከቤቱ ግድግዳ ጋር ቆጥሬያት እንደሆነስ?

፫. ባዶ ነው። በመመሪያዎ መሠረት ነጭ አድርጌዋለሁ።

፬. መታወቂያው በቀጠሮው ቀን በመድረሱ አመሰግናለሁ። ግንባሯ ወደ ላይ ይሄድና ይሄድና ድንገት ያበቃል። ከዚያ በላይ ነጭ ወረቀት ነው። የመብራቱ ጥላ ካረፈበት ከግራ ጆሮዋ በላይ ብቻ አንድ ጭብጥ የማትሞላ ፀጉር ተርፋለች፣ ሠራተኛ ጠርጎ እንደረሳት ጥጥ። እናቴ መነጽሯን አድርጋ ብዙ ካየችው በኋላ «ይቺ ሴትዮ ታማ ነበር እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ተመልሰን መጣን። ባለሙያዎ አንሶላው ነጭ፣ ፀጉሩም ነጭ ስለሆነ ፕሮግራሙ ሁለቱን አንድ አድርጎ መቁጠሩን በትዕግሥት አስረዳን። «እማማ፣ ማሽኑ ነው እንጂ እኔ እጄን አላሳረፍኩብዎትም» አላት። አንዴ ከጸደቀ ሲስተሙ እንደማይከፍትለት፣ እርማትም አርባ አምስት የሥራ ቀን እንደሚወስድ ነገረን። አክስቴ ቀዶ ሕክምና ልትገባ የቀራት ዘጠኝ ቀን ነበር። ይህን ስነግረው፣ እውነቱን ልናገርና ደግ ሰው ነው፣ ወንበሩን ስቦ በኮምፒውተሩ ብሩሽ ለእናቴ ፀጉር ሣለላትና እንደ አስቸኳይ እርማት ላከው። ሲስተሙ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መለሰለት፦ «ራስ መሸፈኛ ተገኝቷል፤ ውድቅ ተደርጓል።» እውነተኛውን ፀጉር ግድግዳ ነው ብሎ የጣለ መሣሪያ የተሣለውን ባርኔጣ ነው ብሎ መያዙ፣ መሥሪያ ቤትዎ በምንም ነገር እንደማይታለል አረጋግጦልኛል።

፭. የኬላው ጠባቂ ስላሳየው ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። መታወቂያውን ከፊቷ ጎን አድርጎ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን እያየ «እማማ፣ ይቺ እርስዎ አይደሉም» አላት። «ታዲያ ማን ናት?» ብትለው «እኔ እንጃ፤ ብቻ ይቺ ፀጉር የላትም» አለ። «እንግዲያው መንገዱ የሷ ነው፤ እሷን አሳልፋትና እኔ ከኋላዋ ልከተል» አለችው። ጠባቂው ሳቀ። ሳቀና መለሰን።

እናቴን ይዤ በአውቶቡስ ተመለስኩ። ከአውቶቡሱ ወርዳ ወደ ቤት አልሄደችም። መንገዳችን ላይ ያለው ፀጉር አስተካካይ ወንዶችን ብቻ የሚያስተናግድ ሰው ነው፤ ገብታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። «እትዬ፣ ምን ልታዘዝ?» ሲላት መታወቂያውን አውጥታ መስተዋቱ ሥር አቆመችለት። «ይቺን አስመስለኝ።» ሰውየው መታወቂያውን አየ፣ እሷን አየ፣ እኔን አየ። «እትዬ፣ የምርዎን ነው?» «ምን ያስፈራሃል፤ የጸደቀ ቁርጥ ነው» አለችው።

ሥራውን የሚያከብር ባለሙያ ስለሆነ ከግራ ጆሮዋ በላይ ያለችውን ጭብጥ እንኳ በልኳ ተዋት። ነጩ ፀጉር ነጩ ፎጣ ላይ ሲወርድ እኔ ጥግ ቆሜ ነበር። የቱ ፀጉር የቱ ፎጣ እንደሆነ ለመለየት ሞከርኩ። ለአንድ አፍታ፣ ክቡርነትዎ ይድረሱልኝ፣ አልቻልኩም።

በማግሥቱ ጠባቂው ፎቶውን አየ፣ እሷን አየ፣ ጭብጧን አየ፤ «አሁን ገና እርስዎን መሰሉ» ብሎ ማኅተሙን መታላት።

፮. አክስቴ ቀዶ ሕክምና ከመግባቷ በፊት አንዴ ከልቧ በመሳቋ አመሰግናለሁ። እናቴ ደርሳ በበሩ ብቅ ስትል አክስቴ «አንቺ! ማን ነው እንዲህ የላጨሽ?» ብላ ጮኸች፤ እናቴም «መሥሪያ ቤት» ብላ መለሰችላት። ሐኪሞቹ እስኪገቡ ድረስ እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ ልጃገረድ ሲንከተከቱ እንደነበር ነግረውኛል። ቀዶ ሕክምናው በሰላም ተጠናቋል። የዚህን ድርሻ ለመሥሪያ ቤትዎ ባልሰጥ ግፍ ይሆንብኛል።

እንግዲህ የምለምነው አንድ ነገር ነው። እናቴ እህቷን ስታስታምም ሦስት ሳምንት ሊሞላት ነው፤ የተፈቀደላት ጊዜ ያበቃል፤ ሰኞ ጠዋት ያው ኬላ ላይ ትቆማለች። ፀጉሯ ግን፣ ማንንም ሳያስፈቅድ፣ ማመልከቻም ሳያስገባ፣ እያደገ ነው። ነጭና እንደ አዲስ ብሩሽ ቀጥ ያለ ሆኗል አሉ፤ የተረፈችው ጭብጥም ከሌላው ጋር ልትደባለቅ ነው። በዚህ ሁኔታዋ መታወቂያውን አትመስልም፣ የድሮዋን እናቴንም አትመስልም፤ በዚያ ሰዓት ኬላው ላይ የምትቆመው ማን እንደምትሆን እኔ ልጇ እንኳ አስቤ ልደርስበት አልቻልኩም። ስለዚህ ከሰኞ በፊት፣ በሴትዮዋ ራስ ላይ የሚታየው ፀጉር የራሷ መሆኑንና ከኋላዋም ሆነ ከበላይዋ ያለው ሁሉ መሥሪያ ቤቱን የማያሰጋ መሆኑን የሚገልጽ አንድ መስመር ወረቀት፣ ከነማኅተሙ ለኬላው እንዲላክልን በትሕትና አመለክታለሁ። አርባ አምስቱን የሥራ ቀን ለሌላ ባለጉዳይ እንለቃለን።

ከግንባሬ በላይ ያለውንም ከግንባሬ በታች ያለውንም ዝቅ አድርጌ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣዎ፣ በመዝገብዎ ትክክለኛ ስም፣ ትክክለኛ የልደት ቀንና ግማሽ ራስ ያላት የተራ ቁጥር አንድ መቶ አሥራ ሰባት ባለጉዳይ ልጅ።

ማስታወሻ፦ ምናልባት ስብሰባው ከሰኞ ቢያልፍ ብዬ፣ እዚያው ፀጉር አስተካካይ ፈልጋ ዳግመኛ እንድትላጭ ትናንት በስልክ ለምኛት ነበር። መልሷን ምንም ሳልጨምር ምንም ሳልቀንስ አደርስልዎታለሁ፦ «አንዴ እኔ ወረቀታቸውን መስያለሁ። አሁን ተራው የወረቀቱ ነው፤ ፀጉር ያብቅል።»