አባባ በሉቤክ ሰዓት የሄዱ ዕለት

ለውድ ወንድሜ ለዌድ፤

እንደምን ከርመሃል? ወገብህ፣ የአልበርታ ብርድ የበላው ጣትህ፣ ሁሉም ደህና ነው? እኛ ደህና ነን። አባባም ደህና ናቸው፤ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ዕቃ ማጠብ ሲመጣ ብቻ ነው።

በረዶው ሳለ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ የእኛና የማዶዎቹ አሜሪካውያን አጥማጆች የተስማሙትን ነግሬህ ነበር፤ ዓሣ ነባሪ ከታየ ገመድ እንዳይጠልፈው ሁለቱም ወገን በተመሳሳይ ሰዓት የሎብስተር ወጥመዱን ከባሕሩ ወለል ከነገመዱ ያነሣል፤ አንዱ ካፈረሰ ውሉ ይቀራል። በመካከላችን ባለው ወሽመጥ ወጥመድ ያላቸው አባባና የማዶዋ የአሜሪካ ከተማ የሉቤኩ ጋሽ ሜርል ናቸው። ዐርባ ዓመት ተሰዳድበው ፈረሙ፤ ሲወጡ ግን አልተጨባበጡም።

ማክሰኞ ዕለት እናት ዓሣ ነባሪና ግልገሏ እየመጡ ነው ተባለ። አባባና ጋሽ ሜርል በሬዲዮ «ቀትር ላይ እናንሣ» ተባባሉ። የእኛ ሰዓት ከሉቤክ በአንድ ሰዓት እንደሚቀድም ሕፃንም ያውቃል። አባባ ግን በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጨዋ መሆን አማራቸው። «በእነሱ ቀትር እንሄዳለን» ብለው ሾርባቸውን ደገሙ።

እኔና አባባ በጀልባችን ስንደርስ ጋሽ ሜርል የራሳቸውን አንሥተው ጨርሰዋል። የእኛ ስልሳ ወጥመድ እንዳለ ነው።

«አልተን፣ አንተ ውሸታም! ውሉ ቀርቷል፤ የእኔን መልሼ እጥላለሁ» አሉ አባባን በሬዲዮ።

«ቀትር እኮ ገና አሁን ሞላ፣ አንተ ደነዝ» አሉ አባባ።

ጋሽ ሜርል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እኔ በእናንተ ቀትር ነው የመጣሁት። አክብሬህ ነበር» አሉ።

ሳቄን ለማፈን ጓንቴን ነከስኩ። ወዲያው ከጋሽ ሜርል ጀልባ ጀርባ የእናት ዓሣ ነባሪዋ ትንፋሽ ወደ ላይ ተረጨ፤ ግልገሏ ከጎኗ አለች፤ መንገዳቸው በቀጥታ ወደ ገመዶቻችን ነው። ሳቁ ጠፋኝ። እኔና አባባ ብቻችንን ስልሳውን በጊዜ አንሥተን አንጨርስም።

የሰው ወጥመድ መንካት እዚህ ምን ያህል ነውር እንደሆነ አንተ ታውቃለህ፤ አባባ አንተን እንኳ ወጥመድ በመንካትህ ዓመት ሙሉ አኩርፈውህ ነበር። ሬዲዮውን አነሡ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሜርል፣ የእኔን አንሣልኝ» አሉ።

ጋሽ ሜርል የባሕር ድንበሩን አቋርጠው መጡ። እሳቸው ከወዲያ፣ እኛ ከወዲህ እየጎተትን የመጨረሻው ገመድ ሲወጣ፣ እናትየዋ በሁለቱ ጀልባዎች መካከል ግልገሏን አስከትላ አለፈች። አባባ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ለዓሣ ነባሪዋ ይሁን ለጋሽ ሜርል አልጠየቅኳቸውም።

እማማን ናፍቀሃታል፤ ደውልላት። ለኮሪን ሰላምታ፣ የትንሿን ቴሳ ጉንጭ ሳምልኝ። አባባ ምንም አትበዪው ብለውኛል፤ ስለዚህ ሰላም ብለውሃል።

እህትህ ዳርሲ
ካምፖቤሎ ደሴት፣ ካናዳ፣ ጁን 14 ቀን 2018