ስለ ኩሬው ጥበቃና ስለ ልጄ ሠርግ ለክቡር ጎሻል የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለሺሙልጋቺ መንደር የብራህማኖች ሸንጎ ሰብሳቢ፣ ለተከበሩት ለክቡር ቢሽዋምባር ጎሻል፤

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? ያ ደረቅ ሳልዎስ ለቀቀዎት ወይ? እኔ በበኩሌ ዕድሜዎ እንዲረዝም ጧትና ማታ እጸልያለሁ። ከአንጀቴ ነው፤ ምክንያቱንም ከታች ያገኙታል።

የፈረንጁ መንግሥት ባሏ የሞተባት ሴት ከወደደች ዳግመኛ ታግባ የሚል ሕግ ካወጣ ወዲህ እንቅልፍ እንዳጡ ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ በመጪው ዓርብ ልጄን ኪሮዳን ለአስተማሪው ለሺብናት ልድር ነው። ለልጄ ከልጅነቷ ጀምሮ፣ አሁንም ይህን ሠርግ ለማፍረስ ስለደከሙት ድካም በአደባባይ ሳላመሰግንዎ ብቀር ነውር ነውና፣ እነሆ በየተራው፦

፩ኛ፤ ኪሮዳ ፊቱን ከሠርጉ ዕለት በቀር ያላየችው ባሏ ሲሞት ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። ፀጉሯ እንዲላጭ፣ ጨረቃ በወጣች በአሥራ አንደኛው ቀን ሁሉ እህል ቀርቶ ውሃ እንኳ እንዳትቀምስ ያዘዙልን እርስዎ ነዎት። በዚያ ሐሩር እናቷ ገላዋን ልታቀዘቅዝላት ወደ ኩሬው ብትወስዳት፣ ስትነከር ውሃ እንዳትውጥ አፏን የሚጠብቁ እህትዎን ደረጃው ላይ አስቀመጡ። ደጅዎን ብጠና ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ፤ «ባሏን የበላች ልጅ ውሃ ምን ይሠራላታል?» ብለው ሸኙኝ። ቤት ስገባ ልጄ፣ «አባዬ፣ ዝናብ ሲመጣ አፌን ከፍቼ ብገኝ ጾሜ ይፈርሳል?» ብላ ጠየቀችኝ። እርስዎ ሊቅ ነዎትና መልሱን ዛሬም እጠብቃለሁ።

፪ኛ፤ ፀጉር አስተካካዩ እንዳይላጨኝ፣ አጣቢው ልብሳችንን እንዳይነካ፣ ካህኑም ቤታችንን እንዳይረግጥ አዝዘዋል። ካህን ከወንዝ ማዶ አግኝተናል። ስለ ጢሜ ግን ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ ሙሽራው አማቱ ባሕታዊ መስሎት በጣም አክብሮኛል።

፫ኛ፤ «ይህ የፈረንጅ ሕግ ቅዱሱን ሥርዓታችንን ያፈርሳል» እያሉ መንደር ለመንደር ዞረዋል። እኔም ፈረንጅ አልወድም። ነገር ግን ሕጉ ማንንም በግድ አይድርም፤ የተዘጋ በር ከፈተ እንጂ ማንንም አልገፈተረም። እርስዎ የሞተችውን የአራተኛዋን ሚስትዎን አስከሬን እንደ ደንባችን አቃጥለው፣ አመዷ ሳይቀዘቅዝ የአሥራ አንድ ዓመቷን ፑንቲን ሲያገቡ፣ ያ ቅዱስ ሥርዓት ምንም አልሆነም። ለወንድ ሲሆን ምንኛ ብርቱ ሥርዓት ነው! የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

በጨዋ አነጋገር ልሸፍነው ብሞክርም አልቻልኩም፤ ክቡር ሆይ፣ እጠላዎታለሁ።

ከማኅበር የተለየው፣ ጢሙ የረዘመው፣ ታዛዥዎ መሆን ፈጽሞ ያልሆነለት፣

ድዋሪክናት ቻክራቦርቲ
የሙሽራዋ አባት

ከፊርማ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ዕድሜዎን የምለምንበትን ምክንያት ልነግርዎ ቃል ገብቼ ነበር። ባለፈው ሰሞን ኩሬው ደረጃ ላይ፣ እህትዎ ጭምር እየሰሙ፣ ትንሿ ባለቤትዎ ልጄን፣ «እትዬ ኪሮዳ፣ ሽማግሌው ሌሊቱን ሙሉ ያስላል፤ ከሞተ እኔንም ውሃ ይከለክሉኛል?» ብላ ጠየቀቻት። ልጄም፣ «አይዞሽ፣ እኔ ቤት ትመጫለሽ» አለቻት። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ እባክዎ ሳልዎን ይታከሙ። መዳን ካልሆነልዎም ስለ ፑንቲ አያስቡ፤ እንስራችን ሙሉ ነው።