አባትሽ ብረት ማንሳት ጀመረ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤ ናፍቆትሽ ቤቱን ከመሙላቱ በቀር እኛ ደህና ነን። አንቺስ እንዴት ከረምሽ?

አባትሽ ለሳንባው ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት መዋጥ ከጀመረ ወዲህ የደም ግፊቱ ጨምሮ ነበር። የምታክመው ሐኪም፣ «መድኃኒቱ የደም ስርዎን እንዳይጎዳው በልኩ ክብደት ማንሳት ሊረዳዎት ይችላል» አለችው። «ዕድሜ ልኬን ሳንቃ የተሸከምኩ አናጺ፣ አሁን ደግሞ ብረት ላንሳ?» ብሎ አሳቃት። ይኸው ግን ጠዋት ጠዋት መሥሪያ ክፍሉ ገብቶ ያነሳል። ግፊቱም ወረደለት፤ ሐኪሟ «በርቱ» ብላዋለች።

ሲያነሳ በሩን ይዘጋል። እኔም ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ ልብስ አጣጥፋለሁ። ትናንት ትንፋሹ ጸጥ ሲልብኝ በሩን በረገድኩት። «ምነው ሴትዮ፣ ማረፍም ተከለከለ?» አለኝ።

«ካልሲህን ፍለጋ ነው» አልኩት።

በስልክ ፊቱን የማያሳይሽ ተቀይሞሽ እንዳይመስልሽ። መድኃኒቱ ፊቱን አሳብጦበት አፍሮ ነው። እሁድ ግን «ልጄን እያየሁ አናግራታለሁ» ብሎ ከዛሬው ጢሙን ተላጭቷል። ስታዪው ክው ብለሽ ዝም እንዳትዪ፤ እንደ ወትሮሽ «አባዬ፣ ወንበሬን ሠርተህ ጨረስክ?» ብለሽ ጨቅጭቂው።

የዓመት ፈቃድሽንስ ቀደም አድርገሽ ብትወስጂው?

ሰላምሽ ይብዛልኝ።

ናፋቂሽ እናትሽ