«እንብላ» ያልተባለው በረኛ

ሐሙስ

ሰረቅሁ። ያውም ከሟች፣ ከገዛ ሚስቴ። ለማንም ያልተናገርሁትን እዚህ ልጻፈው፦ የበረኛውን ምስጢር የፈታሁት እኔ አይደለሁም። ወለላ ናት።

ያስጻፈኝ ሰይድ ነው። ከሰዓት በኋላ የተማሪ ሱሪ ስሰፋ እየሮጠ መጣ። የፊዚክስ መምህር ነው፤ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም።

«የኔታ! ደራሲው መለሰልን!»

የበረኛውን ፍቺ ሰይድ የኔ ነው ብሎ ጽፎለት ነበር፤ አብረን የምናነበው ልቦለድ እንደገና ሊታተም ነው አሉ። በረኛው ምን እንደሆነ የደረሰበት አንባቢ እስካሁን አልገጠመኝም ነበር ብሏል ደራሲው። መግቢያው ላይ በስም ሊያመሰግን ይፈልጋል። «እስከ እሑድ ሙሉ ስምዎን ልላክለት» አለኝ ሰይድ።

«ይሁን» አልሁ። ከሄደ በኋላ ሳየው የሱሪውን ሁለት እግር አንድ ላይ ሰፍቼዋለሁ። ስተረትር አመሸሁ።

ዓርብ

ከሥሩ ልጻፈው፤ ሳልጽፈው አይጠራልኝም።

መጽሐፉ ወፍራም ነው፣ ጥቅጥቅ ያለ። ሰዎች በአንድ ተራራ ሆድ ውስጥ ከተማ ሠርተው ይኖራሉ። የጥንት ማሽኖችን መንፈስ ናቸው ብለው ይለማመኗቸዋል። የሚተርክልን የከተማው በረኛ ነው። ሁሉን ያወራል፤ ስለ ራሱ ግን ትንፍሽ አይልም። እኔ፣ ሰይድና ሀያት ቅዳሜ ቅዳሜ ይህን መጽሐፍ እንበረብራለን። ሀያት ከጅዳ የተመለሰች ናት፤ የምንቀመጠው እሷ ሻይ ቤት ነው።

እኔ ስምንተኛ ክፍል ሳልደርስ በፊት የቤተ ክህነት ትምህርት ጥቂት ተምሬአለሁ። እዚያ አንድ ቃል ሲተረጎም «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እየተባለ ነው፤ አንዱ ፍቺ ሌላውን አይጥለውም። መምህሩ ታዲያ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ይህን ከማን ሰማኸው?» ብሎ ነው። ልቦለዱንም በዚያው መንገድ ስፈታው ወደዱልኝ። ሰይድ ሙስሊም ሆኖ «የኔታ» ይለኝ ጀመር። እኔም ወደድሁት።

የኔ «አንድም» ይህ ነበር፦ በረኛው በመጽሐፉ ሙሉ አንድ ጉርሻ አይቀምስም፤ ስለዚህ ባሕታዊ ነው። ወለላ ታማ በተኛችበት ነገርኋት። መጽሐፉን ከኔ ቀድማ ጨርሳዋለች። እስክታስላት ሳቀች።

«አይ ደምሴ! ጾመኛም ቢሆን እኮ ‹እንብላ› ይባላል። ‹ጾም ነኝ› ይላል እንጂ ዝም ተብሎ አይታለፍም። እስቲ ፈልግ፣ ስንቱ ሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ በላ? ‹እንብላ› ያለው አለ? ሰው አይደለማ! በሩ ራሱ ነው የሚያወራን።»

የጥንት ሰዎች የሠሩት፣ የሚያስብ በር ማለቷ ነው።

እኔ ምን አልኋት? «ልቦለድ ነው እንጂ ወንጌል አይደለም፤ ይልቅ ተኚ።» ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አርባዋ ከወጣ በኋላ በመጀመሪያው ቅዳሜ እነሱ እዚያው በረኛው ላይ ተቸክለው አገኘኋቸው። የወለላ ፍቺ ከአፌ ወጣ። «እንብላ» የምትለዋን እንኳ አላስቀረሁም። ሀያት አጨበጨበች። ከማን እንደሰማሁት የጠየቀኝ የለም፤ እኔም አልተናገርሁም። ሐዘን አንደበቴን ያዘው እንዳልል፣ ያን ቀን አንደበቴ ደኅና አድርጎ ይሠራ ነበር።

ቅዳሜ

ጧት የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድሁ። አዳምጠውኝ ሲያበቁ ጢማቸውን እያሻሹ፣ «ልቦለድ ነው አልኸኝ? እሱ ድሮስ ውሸት አይደለም ወይ?» አሉ።

«መጽሐፉ ውሸት ነው አባ። የኔ ውሸት ግን የእውነት ነው።»

ሳቁና ወዲያው ኮስተር አሉ። «ለእኔ መንገሩ ቀላል ነው። ለእነሱስ?»

ለእነሱ ልነግር ሻይ ቤት ሄድሁ። በሩ ላይ ሀያት ተቀበለችኝ፦ «የኔታ፣ ስምዎ በመጽሐፍ ሊወጣ! ወላሂ ዛሬ ሻዩ በኔ ነው!» ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። አንደኛው «በርኖሱን ለብሰው አይመጡም ነበር?» አለኝ። አልቻልሁም። ተቀመጥሁ።

ክርክሩ ስለ መጽሐፉ ሰማይ ነበር። በተራራ ሆድ ውስጥ እንዴት ሰማይ ይኖራል? ያን ጊዜ አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። «ዝናቡን ልብ በሉ» አልሁ። «ሁልጊዜ የማታ ደወል ሲደወል ነው የሚዘንበው። እስቲ ከወግዲም ከከላላም ገበሬ ጠይቁ፣ ሰዓት የሚያከብር ዝናብ የት አለ? ሰማዩ የተሠራ ነው። ተራራውም ተራራ አይደለም፤ ሰዎቹን ጭኖ በጠፈር የሚጓዝ መርከብ ነው።»

ሰይድ ጠረጴዛውን መታው። «ያገኙት እርስዎ!»

ይቺ የኔ ናት። የራሴ። ወደ ቤት ስመለስ እግሬ መሬት አይነካም ነበር። መንገድ ላይ ቆምሁ። ለካ ደስታው ይህን ያህል ነው! ያን ቀን ወለላ ፊቷ በርቶ ስትነግረኝ ይህን ደስታ ነው «ተኚ» ብዬ ያጠፋሁባት። በኋላ ደግሞ ለራሴ ወሰድሁት። እስከ ዛሬ የከበደኝ መስረቄ ብቻ ነበር፤ አሁን ሌላም ተጨመረበት።

ነገ እናገራለሁ። አላመነታም።

እሑድ

ከቅዳሴ በቀጥታ ሄድሁ። ሰይድና ሀያት ብቻ ነበሩ፤ ደግ ሆነ። ሰይድ ስልኩን አወጣ። «እሺ የኔታ፣ ደምሴ ማን ልበል?»

«ወለላ ይማም በል።»

«ማን?»

ነገርኋቸው። ሳቋን፣ «ተኚ» ማለቴን፣ ጭብጨባውን፤ አንዱንም አላስቀረሁም።

ሰይድ ፊቱ ቀላ። «ያን ሁሉ ቅዳሜ? ‹እንብላ› ሲሉን በአፍዎ የምትናገረው እሷ ነበረች?»

«እሷ ነበረች።»

«የትናንቱ ዝናብስ የማን ነው?»

«የኔ።»

«ማን ያውቃል!»

ቆረጠኝ። ግን ከእንግዲህ እንዲያምነኝ የመጠየቅ መብት የለኝም።

ሀያት ብርጭቆውን አስቀመጠች። «ልጠይቃት ስመጣ መጽሐፉ አጠገቧ ነበር። እኔም አነበዋለሁ፣ እሷም ታነበዋለች፤ ‹ምን ገባሽ?› ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኋት። ያረቢ!» አለች። ከዚያ ወደ ሰይድ ዞረች። «አንተ ደግሞ በቃ፤ ተናገሩ አይደል? ጻፍ።»

ሰይድ ጻፈ። ቀስ እያለ፣ ፊደሉን እያየ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ «ጋሽ ደምሴ፣ ‹ነፍሷን ይማር› የሚል ልጨምርበት?» አለኝ። «የኔታ» ቀርቷል። ሰማሁት።

«ተው» አልሁ። «እሱን እኔ እጸልይላታለሁ። ደራሲው የሚያመሰግናት ስላነበበች ነው። ስሟ ብቻ ይሂድ።»

ስልኩን አዞረና አሳየኝ። ወለላ ይማም፣ መካነ ሰላም። ሁለቴ አነበብሁት።

«ይላክ?»

«ላክ።»

ላከው።